የቴሌግራም ግሩፑን ለተማሪዎች ክፈቱት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ተማሪና ስለ ስልክ የሚጻፈውን ሁሉ እከታተላለሁ። አብዛኛው "ይከልከል" ወይም "ይፈቀድ" ላይ ያልቃል። እኔ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ሆኖ ለሚያየው ሰው ይሄ ክርክር ዘግይቷል። ስልኩን ጠዋት በር ላይ ጥበቃው ይይዘዋል፣ ማታ ደግሞ ያው ትምህርት ቤት የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልካል። ልጁ የትኛውን ይስማ?

ቴሌግራም ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የገባው ማንም አቅዶበት አይመስለኝም። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈው እንዳለ ሆኖ፣ ከተማ አካባቢ ያለነው መምህራን ተማሪዎቻችንን እዚያ ፈለግናቸው። ፋይል ይልካል፣ ድምፅ ይልካል፣ ኔትወርኩ ደከም ቢልም ይሠራል። ትምህርት ሲከፈት ግሩፖቹ አልተዘጉም። ኋላም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ በጊዜ አልደርስ ብሎ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከዚያው አወረደ። እንግዲህ ይግባ አይግባ የምንለው ነገር ከገባ ቆይቷል።

እኔን የሚያንገበግበኝ አጠቃቀማችን ነው። የማውቃቸው የትምህርት ቤት ግሩፖች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። ከአድሚኑ በቀር ማንም መጻፍ አይችልም። ሾርት ኖት፣ ወርክሺት፣ የሌላ ትምህርት ቤት ሞዴል ፈተና፣ ማስታወቂያ፣ ደግሞ ሌላ ፒዲኤፍ። ተማሪው ያወርደዋል እንጂ አይከፍተውም። በ1997 ፕላዝማ (በክፍል ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲገባ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ጥያቄ ያነሳና ትንሽ ቆም ብሎ ይቀጥላል፣ እጅ ቢወጣ የሚያየው የለም፣ የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው በዚያው አለቀ። ስንት ገንዘብ የወጣበት ነገር ተማሪው መጠየቅ ስላልቻለ ብዙ ቦታ ከሸፈ። ግሩፑን ለአድሚን ብቻ ስናደርገው ያንኑ ፕላዝማ ተማሪው ኪስ ውስጥ እየከተትን ነው።

ግሩፑ ሲከፈትላቸው የሚመጣውን እኔ አይቻለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ክፍል ውስጥ "ጥያቄ አለ?" ስል ጸጥ ይላሉ። ሁሉም ገብቷቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ማቀናበሩ ይከብዳቸዋል፣ ጓደኛ እንዳይስቅባቸውም ይፈራሉ። ማታ ግሩፑ ላይ ግን በአማርኛ ይጽፋሉ፣ ግማሹ በግዕዝ ፊደል ግማሹ በላቲን። "ቲቸር ኦስሞሲስና ዲፊውዥን አልተለየልኝም፣ ሁለቱም ከብዙ ወደ ትንሽ አይደል እንዴ የሚሄዱት?" ብላ የጻፈች ልጅ አለች፤ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄው የክፍሉ ሁሉ ነበር። እኔ ቮይስ ልልክ ስል አንዱ ተማሪ ቀደመኝ፦ "ሰላጣ ላይ ጨው ስትነሰንሺ ቲማቲሙ ውሃ ያወጣ የለ? ኦስሞሲስ ላይ የሚሄደው ውሃው ነው፣ የሴሉን ሽፋን አልፎ።" እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነገር ነው። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ያንኑ በእንግሊዝኛ ስናየው ለመጀመሪያ ጊዜ እጆች ወጡ።

ምርጫ ያለው ጥያቄም መለጠፍ ይቻላል። ማን እንደተሳሳተ ስም አይወጣም፣ ስንቱ የቱን እንደመረጠ ግን ይታያል። ብዙዎቹ አንድ የተሳሳተ መልስ ላይ ከተከመሩ ነገ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ። ይሄ ለመምህር ትልቅ ነገር ነው። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ደብተር እያገላበጡ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ኩረጃ ይበዛል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይበዛል። አንዱ ሠርቶ ፎቶ አንስቶ ይለቀዋል፣ ሌላው እስከ ስህተቱ ድረስ ይገለብጠዋል። ለዚህ ነው መልሱን በራሳቸው አፍ በቮይስ እንዲያስረዱ የማደርገው፤ በአማርኛም ቢሆን ግድ የለኝም። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ሲሰረዝ ሁላችንም ደንግጠናል፤ ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋ አይተናል፣ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ደግሞ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስልክ በር ላይ ቀረ። ለፈተና ልክ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ስልኩን መቀማት ኩረጃውን አስቀረ፣ ያልተማረውን ግን አላስተማረውም።

አሁን ደግሞ ስለ ጉዳቱ። ስልክ የሌለው ተማሪ አለ፣ ስልክ ኖሮት ካርድ የሚሞላለት የሌለውም አለ። ነጥብ የሚያዝበት ነገር በቴሌግራም ብቻ መስጠት እነዚህን ልጆች መቅጣት ነው። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራምና ፌስቡክ ለአምስት ወር ገደማ ሲታገዱ ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በእኛ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ስለዚህ ዋናው ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ በጠመኔና በደብተር መሆን አለበት። ግሩፑ ያንን ይርዳ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የሴት ተማሪዎቻችን ጉዳይ ነው። መግቢያ ሊንኩ በየቦታው ተበትኖ ማን እንደገባ የማይታወቅ ግሩፕ ውስጥ ሴቲንጉ ለሁሉም ክፍት ከሆነ የልጅቷ ስልክ ቁጥር ተዘርግቶ ይታያል፣ ማታ በውስጥ መስመር የማታውቀው ሰው ይጽፍላታል። ብዙዎቹ ለቤተሰብ አይናገሩም፣ "ስልክሽን አምጪ" እንዳይባሉ። ቁጥር መደበቂያው ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ለማሳየት ደቂቃ አይፈጅም፤ በዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ይሄን ያሳየ መምህር ስንት ነው? ግሩፕ የሚከፈት ከሆነ ሊንኩ አይበተን፣ ስም ዝርዝሩ ከክፍሉ ስም ዝርዝር ጋር ይመሳከር፣ ሁለት መምህራን አድሚን ይሁኑ፣ ወላጅ ይወቀው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋ። ይህን ለማድረግ ከላይ የሚመጣ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፣ አንድ ርዕሰ መምህር በአንድ ስብሰባ የሚወስነው ነው።

ለትምህርት ቢሮዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄን ሁሉ ቮይስና ፎቶ የምንልከው ከደመወዛችን በገዛነው ዳታ ነው። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለጠመኔ በጀት የሚይዝ ትምህርት ቤት ግሩፕ ለሚመራ መምህር ወርኃዊ ፓኬጅ ቢይዝለት ይከብዳል? የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሳይዘጋ አስቡበት።

የባዮሎጂ መምህር
ደሴ