የቤተሰብ ሠራተኞቻችንን አትቀንሱብን፦ ለፌዴራሉ የሄድ ስታርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሄድ ስታርት ቢሮ ኃላፊዎች፣

ሁለቱም ልጆቼ በሄድ ስታርት፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ትንንሽ ልጆች በፌዴራል ገንዘብ በሚካሄደው የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም፣ ያለፉ ናቸው። እኔም ወላጆች በሚመርጡት የፖሊሲ ምክር ቤት ውስጥ አገልግያለሁ። አሁን ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ የሚመጡ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን በማስተርጎምና ፎርም በመሙላት አግዛለሁ። ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አድርጌ በአድራሻችሁ እልከዋለሁ። እዚህ በአማርኛ ያወጣሁት ግን ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው እናቶችና አባቶች አንብበው የጎደለውን እንዲጨምሩበት ብዬ ነው።

የምጠይቃችሁ ዋና ነገር አንድ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የምትቀነሰው የቤተሰብ ሠራተኛዋ አትሁን። በየማዕከሉ ፋሚሊ አድቮኬት ወይም ፋሚሊ ወርከር እያልን የምንጠራትን ማለቴ ነው። እሷ ፊደል አታስቆጥርም፣ መዝሙር አታስዘምርም። ከሩቅ ለሚያያት ትርፍ ሰው ትመስላለች። ሄድ ስታርት ከሌላው ዴይኬር የሚለየው ግን በእሷ ነው።

አንድ ቤተሰብ ላንሳላችሁ። አባት ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። እናት ጠዋት ሆቴል ታጸዳለች። ልጃቸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን አፉን በደንብ አልፈታም። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ "ሁለት ቋንቋ ተደበላልቆበት ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ይዘገያል፤ ተዉት" ይላቸዋል። ልጁ ሄድ ስታርት እንደገባ ጆሮው ተመረመረ። የእናንተው ደንብ እኮ ነው ያዘዘው፤ አንድ ልጅ በገባ በ45 ቀን ውስጥ ዓይኑና ጆሮው ይታያል፣ እድገቱም ይመዘናል። የጆሮው ምርመራ ጥሩ ውጤት አልነበረውም።

ነገሩ በምርመራው ቢያበቃ ኖሮ ቤተሰቡ እጅ የሚገባው "ሐኪም ያማክሩ" የሚል አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ብቻ ነበር። ያ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። አባት ቀን ካልተኛ ማታ አይሠራም። እናት ሺፍት ከቀረች ደመወዝ ይቆረጥባታል። በዚያ ላይ የልጁ ሜዲኬድ፣ የመንግሥቱ የጤና መድን፣ ተቋርጧል። እነሱ ግን መቋረጡን እንኳ አያውቁም።

የቤተሰብ ሠራተኛዋ ቤታቸው ድረስ ሄደች። እኔም ላስተረጉም አብሬያት ነበርኩ። ገና ስለ ጆሮው ሳይነሳ እናትየው በፌስታል የታጨቀ ፖስታ ይዛ መጣች። የሚያነብላቸው ሰው ስላጡ ያጠራቀሙት ነው። ሠራተኛዋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና ትለይ ጀመር። ማስታወቂያው ወዲያ፣ የመብራቱ ወዲህ፣ የቤት ኪራዩ ለብቻ። መሃል ላይ ሳይከፈት የቆየው የሜዲኬድ ማደሻ ደብዳቤ ወጣ። እዚያው ስልኩን ደወለች። የመጠበቂያውን ሙዚቃ እየሰማን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አንድ ሰው አነሳና ማደስ ተጀመረ። የጆሮ ሐኪሙን ቀጠሮ ያስያዘችው ደግሞ እናትየው ዕረፍት በምትወጣበት ቀን ነው።

ከልጁ ጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ትንንሽ ቱቦ ተደረገለት። አሁን በሁለቱም ቋንቋ ወሬኛ ሆኗል፤ እናቱ "ዝም በል" ማለት ጀምራለች።

አስተማሪዋ ጎበዝ ናት። የሠላሳ ዓመት ልምድ ቢኖራት ግን ይህን ሁሉ አታደርገውም፤ ክፍል ሙሉ ልጅ ትታ የት ትሄዳለች? ልጁ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ፣ የትኛውም ዘመናዊ ሥርዓተ ትምህርት አይደርሰውም።

ይህን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም። ሄድ ስታርት ሲወለድ ጀምሮ የነበረ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ፕሮግራሙን ሲጀምሩ ዕቅዱን ያወጣውን ኮሚቴ የመሩት ሮበርት ኩክ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጁሊየስ ሪችመንድም እንዲሁ የሕፃናት ሐኪም። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ክረምት የቆየው ስምንት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ገቡበት። በዚያ አጭር ጊዜም ቢሆን ምርመራ፣ ክትባት፣ ምግብና የወላጅ ተሳትፎ አብረው ነበሩ። ድህነት ልጁን በአንድ በኩል ብቻ እንደማይዘው ያኔም ገብቷቸዋል።

ከዚያ ዘመን አንድ ታሪክ አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። በ1965 የፌዴራል መንግሥት በአገሪቱ እጅግ ድሃ ወደነበሩት 300 ካውንቲዎች ባለሙያ ላከ። ለምን? ማመልከቻ እንዲያዘጋጁ ለማገዝ። ካውንቲ የሚያህል መንግሥታዊ አስተዳደር፣ ጸሐፊና ጠበቃ ያለው፣ ፎርም የሚሞላለት ሰው አስፈልጎት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2007 በታተመ ጥናት፣ እነዚህ ካውንቲዎች በድህነት ከሚቀራረቧቸው፣ ግን ይህን እርዳታ ካላገኙት ጋር ተነጻጸሩ። እርዳታው በደረሰባቸው ቦታዎች ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች በክትባትና በሕክምና ሊከላከሏቸው በሚቻሉ ምክንያቶች የሚሞቱት ቀንሰው ተገኙ። እንግዲህ ካውንቲ ያስፈለገው እገዛ ሺፍት ሠርታ ለመጣች እናት ቅንጦት ነው ሊባል አይችልም።

ተቺዎች የሚያነሱትንም አውቃለሁ። መንግሥት ራሱ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ተከታትሎ ባስጠናው ጥናት ልጆቹ በሄድ ስታርት ያገኙት የፊደልና የቁጥር ብልጫ አንደኛና ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ይህ የተሸሸገ ነገር አይደለም፣ መሸሸግም የለበትም። ግን ጥናቱ የለካው በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚታየውን ነው። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በሄድ ስታርት ያለፉትን አዋቂ ከሆኑ በኋላ ሲያያቸው ብዙ ዓመት ተምረው፣ ኮሌጅ የጨረሱትም በዝተው አግኝቷቸዋል። በሰባት ዓመቱ በፈተና ያልታየ ነገር በሠላሳ ዓመቱ ይታያል። ለእኔ ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። ጆሮው የዳነ ልጅ፣ የቤት ኪራይ ስላልተቋረጠ ትምህርት ቤት ያልቀየረ ልጅ፣ እናቷ አስተማሪ ማናገር የለመደች ልጅ በአንድ የፊደል ፈተና አይለኩም። ስለዚህ "ክፍሉን እናቆይ፣ የቤተሰቡን ሥራ እንቀንስ" የሚል ሐሳብ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ዕድሜ ልክ የሚቆየውን ፍሬ ሊቆርጥ እንደሆነ እወቁት።

ወደ ሥራው ልመለስ። በ2024 ያወጣችሁት ደንብ አንዲት የቤተሰብ ሠራተኛ የምትይዘው ቤተሰብ ከ40 እንዳይበልጥ ይላል፤ ማዕከላት እንዲያሟሉም እስከ 2027 ጊዜ ሰጥቷል። ይህን ቁጥር አትንኩት። ሰባና ሰማንያ ቤተሰብ የያዘች ሠራተኛ ቤት አንኳኩታ ፌስታል አትዘረግፍም። ስልክ ደውላ "ሁሉ ደህና ነው?" ትላለች፤ እኛም "ደህና ነን፣ ተመስገን" እንላለን። ሐበሻ ችግሩን ለማያውቀው ሰው በስልክ አይናገርም። ለጎረቤት ያላወራነውን ጓዳችንን የምናሳየው ደጋግማ ለመጣች፣ ላመንናት ሰው ነው። እሷም ደመወዙ አላኖር ብሏት በዓመቱ ስትለቅ አዲሷን እንደገና ከሰላምታ እንጀምራለን። ደመወዛቸውን የምታሻሽሉበት መንገድ የግድ ያስፈልጋል። የአስተማሪዎቹ ደመወዝ እስከ 2031 ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ጋር እንዲቀራረብ ያዘዛችሁትም ቢሆን ገንዘቡ አብሮ ካልመጣ ማዕከላት የልጆች መቀመጫ እየቀነሱ ነው የሚፈጽሙት። ያ ደግሞ ከአንዱ ድሃ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው።

ሁለተኛው ራስ ምታታችን ሄድ ስታርት ለመግባት የሚጠየቀው፣ በድህነት መስመሩ የሚለካው የገቢ መስፈርት ነው። በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ የድህነት መስመሩ በዓመት 32,150 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ከጁላይ ጀምሮ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17.95 ዶላር ሆነ። ዲሲ ውስጥ በዚህ ክፍያ ሙሉ ሰዓት የሚሠራና ሜሪላንድ የሚኖር አንድ አባት በዓመት 37,336 ዶላር ያገኛል። ሚስቱ ቤት ብትውል እንኳ፣ ሕጉ ከፈቀደው ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ አምስት ሳንቲም ባያገኝ እንኳ፣ በወረቀት ላይ "ድሃ አይደለም"። የአፓርትመንት ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈውን ግን እኔ አውቀዋለሁ።

እርግጥ ደንባችሁ በሮች ከፍቷል። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚያገኝ ቤተሰብ በቀጥታ ብቁ ነው። ቤት የሌላቸውና በአሳዳጊ እጅ ያሉ ልጆችም እንደዚሁ። ኪራዩ ከገቢው 30 በመቶ በላይ ለሚወስድበት ቤተሰብም ማዕከላት ከ30 በመቶው ያለፈውን ወጪ ከገቢው ላይ መቀነስ ይችላሉ። "ይችላሉ" ስለሚል ግን አንዱ ማዕከል ይሠራበታል፣ ሌላው አልሰማም ይላል። ወላጁ ደግሞ "ገቢህ በልጧል" ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ስለ ኪራዩ ጠይቁኝ እንዲል ማን ነግሮት? የኪራይ ስሌቱን ለሁሉም ማዕከል ግዴታ አድርጉት። የፉድ ስታምፑ በርም እየጠበበ ነው፤ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። ከእኛ ማኅበረሰብ ስንቱን እንደሚነካ ለመገመት ቆጠራ አያስፈልግም።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። በዚያው በጁላይ 2025 የጤና ሚኒስቴሩ ሄድ ስታርትን የመኖሪያ ወረቀት ከሚጠየቅባቸው ጥቅማጥቅሞች ተራ የሚያስገባ ማስታወቂያ አወጣ። በሴፕቴምበር ፍርድ ቤቶች አገዱት። እገዳውን ጠበቆች ሰምተዋል። ፓርኪንግ የሚሠራው አባት ግን የሰማው የመጀመሪያውን ዜና ነው፤ እሱም በቲክቶክ። ከዚያ ወዲህ ምዝገባ ላይ የምሰማው ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ "ምሳ ይሰጣሉ?" "ስንት ሰዓት ይወጣሉ?" ነበር። አሁን "ስማችን የት ይሄዳል?" ነው። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ያላቸው፣ ወረቀታቸው የተሟላ ሰዎች ሳይቀሩ የኢሚግሬሽን ኬዛቸው እንዳይበላሽ ፈርተው ፎርሙን ይዘው ወጥተው አልተመለሱም። ሄድ ስታርት ግን ከተመሠረተ ጀምሮ ስለ ልጅ ወረቀት ጠይቆ አያውቅም።

ከእናንተ የምንፈልገው ረጅም መግለጫ አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃል። ፍርድ ቤት ምን እንዳለ፣ ማዕከሉ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደማይጠይቅ፣ የቤተሰቡ መረጃ ለማን እንደማይሰጥ በግልጽ ይጻፍ። በአማርኛ፣ በስፓኒሽ፣ በአረብኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቤተሰቦቻችሁ በሚናገሩት ቋንቋ ሁሉ። ቃል ልትገቡ የማትችሉበት ነገር ካለም እሱንም በግልጽ ንገሩን፤ ሰው የሚሸሸው ያልገባውን ነገር ነው። ወረቀቱን በየቤቱ ይዛ የምትሄደውም ያቺው የቤተሰብ ሠራተኛ ናት። እሷ ከሌለች በፖስታ ይላክና እዚያው ፌስታል ውስጥ ይገባል።

በኤፕሪል 2025 ከአሥሩ የክልል ቢሮዎቻችሁ አምስቱ ተዘግተዋል። ማዕከሎቻችን ጥያቄ ሲኖራቸው መልስ ለማግኘት የሚጠብቁት ጊዜ ረዝሟል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ማውጣት መርጫለሁ። ለቀጣዩ ዓመት ምዝገባ በየማዕከሉ በፀደይ (በስፕሪንግ) ይጀምራል። አንድ ገጹ ከዚያ በፊት በየቋንቋው ቢደርሰን በሩ ላይ ቆመን እናድለዋለን። ስለ 40 ቤተሰቡ ገደብና ስለ ኪራይ ስሌቱ ያላችሁን አቋም ደግሞ ለየፖሊሲ ምክር ቤቶቹ በጽሑፍ ላኩ። እዚያ የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርገው ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሄድ ስታርት ወላጅ
ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ