ቸኩሎ የተሰጠ ፍርድ

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ «ጊታር ማስጮህ ሙዚቃ አይደለም» ያሉት ጸሐፊ የቸኮሉ ይመስለኛል። የኒውዚላንዱ ባንድ ዴድ ሲ በዳኒደን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተመሠረተ፤ ማይክል ሞርሊ፣ ብሩስ ራስልና ሮቢ ይትስ ከ30 ዓመት በላይ አብረው ዘልቀዋል። ሁለት ጊታርና ድራም፣ በቃ። አብዛኛው ሥራቸው እዚያው በዚያው የሚፈጠር ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል ወይም ጥለውት ይሄዳሉ። (እኛ ሰፈር ሁለት ዓመት የቆየ ባንድ አላየሁም።)

ፒያሳ ነው የምኖረው። ልጄ የዴድ ሲን ሙዚቃ መጀመሪያ ሲከፍተው ስፒከሩ የተቀደደ መስሎኝ ሶኬቱን ነቅያለሁ። በሦስተኛው ቀን ቡና እየቆላሁ ሳዳምጥ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ድራሙ ዝግ ብሎ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ቡናው አረረብኝ። ትዝ ያለኝ ጌታቸው መኩሪያ ነው፤ ሽለላን በሳክስፎን ያስፎክር የነበረው። እሱ እኮ ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር ሲጫወት የጊታር ጫጫታ አላስደነገጠውም።

ጸሐፊው አንድ ሙሉ አልበም እስከ መጨረሻው ሰምተው እንደገና ይጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ