ስለ ቅዳሜው ልኬት፦ ለሱሉልታ ታዳጊ ሯጮችና ለወላጆች

ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከልምምድ በፊት ልኬት አለ። ቁመትና ክብደት፣ ከዚያ የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ። ቁርስ ቀለል ይበል፤ በባዶ ሆድ ግን ማንም እንዳይመጣ።

ሚዛኑ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጡንቻም፣ አጥንትም፣ ስብም አንድ ላይ ነው የሚመዘነው። እኩል 50 ኪሎ ከሆኑ ሁለት ልጆች አንደኛው ጡንቻው ሊበዛ ይችላል። በጉርምስና ደግሞ ወንዶቹ ጡንቻ ያወጣሉ፤ ሴቶቹ ላይ ስብ መጨመሩ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ "ወፍረሻል፣ ቀንሺ" የሚል ወሬ ሜዳችን ላይ አይሰማ። ለቀልድም ቢሆን።

ቀጭን ሁሉ ፈጣን አይደለም። እያደገ ያለ ልጅ ምግብ ከቀነሰ ድካም ይበዛበታል፣ አጥንቱም ይሳሳል። እናቶች በተለይ ይቺን ልብ በሉልኝ፦ የልጅቷ የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ቤት ውሰዷት። "ስፖርት ስለምትሠራ ነው" ብሎ ማለፍ አይሆንም።

እዚህ ከፍታ ላይ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ለማምረት ብረት በደንብ ይፈልጋል። ጾም ላይ ያሉ ልጆች ምስሩንና ሽሮውን ጠገብ አድርገው ይብሉ፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ቢያገኙ ብረቱን ሰውነታቸው በደንብ ይወስደዋል። ሻይ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይሁን። (ሻይ የማይወድ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ።)

ውጤቱ ለልጁና ለወላጁ ብቻ ይነገራል፤ ግሩፑ ላይ አይለጠፍም። ቁምጣና ቲሸርት ልበሱ፤ ጠዋት ስለሚበርድ ጃኬትም ያዙ።