የግቢያችንን አበባ የሚገድለው የክረምቱ ውሃ ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤
ጤና ይስጥልኝ።

ክረምት በመጣ ቁጥር በየግቢው አበባ እንዲተከል ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው፤ አተካከሉ ግን አብሮ ስለማይነገር ሐምሌ ላይ የተገዛው ችግኝ ለእንቁጣጣሽ ሳይደርስ ይበሰብሳል። በጎጃም ክረምት አበባ የሚሞተው ተጠምቶ አይደለም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው።

መጀመሪያ የጣሪያውን ጠርዝ ማየት ይገባል። በጠባብ ግቢ የአበባው መደብ የሚሠራው ከግድግዳ ሥር ነው፤ አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ደግሞ ዝናቡን በአንድ መስመር ያወርደዋል። ጠብታው አፈሩን ይቦረቡራል፣ ጭቃውን ቅጠሉ ላይ ይረጫል፤ ከዚያ የታችኞቹ ቅጠሎች እየጠቆሩ ይረግፋሉ። ወይ አሸንዳ ይሰቀል፣ ወይ መደቡ ጠብታው ከሚያርፍበት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ መደብ ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ አረም ለመንቀል መሀሉን መርገጥ ይመጣል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ አፈሩን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ወደ 600 ሊትር አፈር ይፈልጋል፤ በባለ 20 ሊትር ባልዲ ሲሰፈር 15 ቀይ አፈር፣ 10 ኮምፖስት፣ 5 የወንዝ አሸዋ። በኮምፖስቱ ፈንታ ፍግ ከሆነ ሽታው ጨርሶ የጠፋ ይሁን፤ ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ያለው ሰው ግን አሸዋ ባይጨምር ይሻላል፤ ጥቂት አሸዋ ዋልካውን ይበልጥ ያደድረዋል እንጂ አያላላውም። ኮምፖስቱን ያብዛ፣ መደቡንም ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያንሣ።

ስለ ቀለሙ፦ ከአሥር ዓይነት አበባ አንዳንድ እየገዙ መደርደር ግቢውን አያደምቀውም፣ ያዝረከርከዋል። ሦስት ዓይነት በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ግን በብዛት። ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ለዓይን ይርቃል፤ ብርቱካንማና ቀይ ይቀርባል። ስለዚህ ግድግዳው ጋ 5 ሐምራዊ ዳሊያ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ መሀል ላይ 10 ነጭ ዚኒያ በ30፣ ፊት ለፊት 12 አጭር ብርቱካንማ ማሪጎልድ በ25 ቢተከል ግቢው ከስፋቱ በላይ ጥልቅ ሆኖ ይታያል። ነጩ ባይኖር ሁለቱ ቀለሞች ይጣላሉ።

ዚኒያና ማሪጎልድ ከተዘሩ እስኪያብቡ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃሉ። ለመስከረም 1 የሚፈልግ ባሕር ዳር ላይ ሰኔ አጋማሽ ይዝራ፤ ደብረ ማርቆስን በመሰለ ደጋ ብርዱ እድገቱን ስለሚያዘገየው በሰኔ መጀመሪያ። ችግኝ የሚገዛ ደግሞ ያበበውን አይምረጥ። በጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ያበበ ችግኝ ጉልበቱን ጨርሷል፤ ገና እንቡጥ ያልያዘው ነው የሚያዋጣው። (ሻጩ ያበበውን ከፊት የሚያስቀምጠው ወዶ አይደለም፤ ገዢው የሚያነሣው እሱን ነው።)

የዳሊያው ድጋፍ እንጨት ከተከላው ጋር አብሮ ይቸከል። ቆይቶ ሲቸከል እንደ ስኳር ድንች ያበጠውን ሥር ይወጋል፤ በቁስሉ ውሃ ይገባና ይበሰብሳል። ዚኒያ ሲጨናነቅ ቅጠሉ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ያወጣል፤ ርቀቱን መጠበቅ ከመድኃኒት ይበልጣል። የጠወለገ አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይቆረጥ፤ ተክሉ እንደገና ያብባል። ከጥቅምት በኋላ በጠዋት ሥሩ ላይ ብቻ ውሃ ማጠጣትና አፈሩን በደረቅ ሣር መሸፈን ነው።

ግቢው ሲሚንቶ ለሆነበት ተከራይ የተቆረጠ ጀሪካን ይሠራል። ከታች ጣት የሚያሳልፉ 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች ይበሱለት። ብዙዎች ውሃ እንዲወርድ ብለው ከሥር ጠጠር ያደርጋሉ፤ ውሃው ግን ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ሥሩም የሚያድግበት ቦታ ያንሰዋል። እስከ ታች አፈር ይሙሉት።

አደይ አበባን ለግቢ የሚያስበው ጥቂት ሰው መሆኑ ይገርማል። ዘሩ በነፃ ነው፦ አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ ይለቀማል፣ ሰኔ ላይ ይበተናል፣ ፍግም አይጠይቅም። በአንጻሩ በአበባው ውበት ተታሎ እምቦጭን ከጣና ወስዶ በግቢ ገንዳ የሚያሳድግ ካለ ይተው፤ ገንዳው በጎርፍ ሲሞላ አረሙ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ዝግጅት ክፍሉ የችግኝ መዝሪያ ጊዜውን፣ የቆላውን፣ የወይና ደጋውንና የደጋውን ለይቶ፣ በግንቦት እትሙ ቢያወጣልን እናመሰግናለን።

አንድ የአበባ ችግኝ ባለሙያ
ከባሕር ዳር