የቅዳሜው ንባብ፦ ስለ ፍርሃት

ውድ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ ለልጆች ስናነብ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ጨለማ የምትፈራዋን ጥንቸል ስዕል በጣቷ ነካ አድርጋ «እኔንም ሆዴን እንዲህ ያደርገኛል» አለችን። ስለ ራሷ ስንጠይቃት ዝም ብላ ነበር። በጥንቸሏ በኩል ግን ተነፈሰች።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ልጆች 14 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ስለዚህ ስታነቡ አትቸኩሉ። ስዕሉ ላይ ቆዩና «ምን የተሰማት ይመስልሃል?» በሉ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ግን ይቅርብን፤ የልጅ አፍ ይዘጋል።

ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ወይም ከጨዋታ የራቀ ልጅ ካያችሁ፣ ወላጁን ለብቻ አነጋግሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። ጸበል የሚወስዱትንም አትከልክሉ፤ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት እንገናኝ። ቤታችሁ የልጆች መጽሐፍ ካለ ይዛችሁ ኑ።