ለደንበኞቻችን፦ ልሙጥ ቬሎ ለምን ጊዜ ይወስዳል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለጥር ሠርግ ትዕዛዝ የምንቀበልበት ጊዜ ደርሷል። አሁን አሁን የምትልኩልን ፎቶዎች ይመሳሰላሉ፤ ዶቃ የሌለው፣ ጥልፍ ያልበዛበት፣ ወገብ ላይ ልክክ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ልሙጥ የሳቲን ቬሎ ነው። ከፎቶው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም አንድ ነው፦ «ምንም የለበትም እኮ! ታዲያ ለምን ከሦስት ወር በላይ ይፈጃል? ዋጋውስ ጥልፍ ካለበት ለምን አይረክስም?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በስልክ በጥድፊያ ከምንመልሰው በጽሑፍ ዘርዘር አድርገን ልናስረዳችሁ ወደድን።

ይህን አሠራር በዓለም ካስወደዱት ዲዛይነሮች አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ አምሳለ አበራ ናት። ለትምህርት አሜሪካ ሄዳ ሳለ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ የመንግሥት ባለሥልጣን የነበሩት አባቷ ታሰሩ፤ እሷም እዚያው ቀረች። ልብስ መግዣ ስላልነበራት የራሷን ትሰፋ ነበር። በኋላ ኒው ዮርክ በሚገኘው ፋሽን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ተምራ በረዳት ዲዛይነርነት ተቀጠረች። እ.ኤ.አ. በ1985 ልታገባ ስትል ግን የልቧን ቬሎ ከየትም አጣች። ዘመኑ የተነፋ እጅጌ፣ የተደራረበ ዳንቴልና ዶቃ የነገሠበት ነበርና የራሷን ራሷ ሠራች። እንደ እኔ የቸገራት ሌላም ሙሽራ ትኖራለች ብላ ማስታወቂያ አወጣች፤ በመኖሪያ ቤቷ ትዕዛዝ መቀበል ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ድርጅቷን አቋቋመች። ውሎ አድሮ እዚያው ኒው ዮርክ በማዲሰን ጎዳና የራሷን ሱቅ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2018 በ64 ዓመቷ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስሟ የሚነሣው በዚሁ በንጹሕ ቁርጥ ነው። ለእኛ የሙያው ትልቅ ሰው ናት፤ ሥራዋን በቅርብ ላየ ባለሙያ ውበቱ ያለው ስፌቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ጥልፍና ዶቃ ብዙ ነገር ይሸፍናሉ። ደረት ላይ ስፌቱ ትንሽ ቢሸበሸብ፣ ግራና ቀኙ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢለያይ፣ ዳንቴል ከለበሰ ማንም አያየውም። ልሙጥ ሳቲን ላይ ግን ያችው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከአዳራሹ ጫፍ ትታያለች። በዚያ ላይ ሳቲን መርፌ አንዴ ከበሳው ቀዳዳው አይጠፋም። ፈትቶ እንደገና መስፋት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ስሕተቱ ሁሉ ተለቅሞ ማለቅ ያለበት ሳቲኑ ከመቆረጡ በፊት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንሰፋው በአቡጀዲ ነው። ልኬት ስንወስድ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ አይበቃንም፤ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ፣ ከአንገት እስከ ወገብ በፊትም በኋላም፣ እያንዳንዱን ትከሻ ለየብቻው እንለካለን። የአብዛኛው ሰው አንዱ ትከሻ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ይህ ካልታየ ልሙጡ ደረት ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። አቡጀዲው ለመጀመሪያው ፕሮቫ ይለበሳል፣ እላዩ ላይ በእርሳስ ይሰመርበታል፣ የጠበበው ይተረተራል፣ የሰፋው ይያዛል። ከዚያ ስፌቱ ተፈቶ ራሱ የሳቲኑ መቁረጫ ሞዴል ይሆናል። ልብሱ ሰውነታችሁ ላይ ስለሚያርፍበት ሁኔታ ያላችሁ ቅሬታ ሁሉ እዚህ ላይ ቢነገረን ደስ ይለናል፤ አቡጀዲ ሲበላሽ የሚጣለው አቡጀዲ ነው።

ሳቲን ሲቆረጥ ሁሉም ክፍል ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከተቆረጠ ብርሃን ላይ ሌላ ቀለም መስሎ ይለያል። ጨርቅ የሚበዛውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ጨርቅ ለአንድ ሰፋ ያለ ቬሎ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሄዳል፤ ገበሩና የውስጡ ቱል ሳይቆጠር ማለት ነው። ስፒል የምንሰካው ስፌቱ ውስጥ በሚገባው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። መርፌው ቀጭንና አዲስ መሆን አለበት፤ የደነዘዘ መርፌ ክሩን እየጎተተ ጨርቁን ይሸበሽባል። ካውያ በቀጥታ አይነካውም፤ መሃል ላይ ስስ ጨርቅ ይደረጋል። ሳቲኑ ሐር ከሆነ የውሃ ጠብታ ካረፈበት እድፉ ላይለቅ ይችላል።

በዓይን የማይታየው የውስጡ ሥራ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ትከሻ የሌለው ቬሎ የሚወርድባችሁ ደረቱ ስለሰፋ ይመስላችሁና «አጥብቁልኝ» ትሉናላችሁ። ችግሩ በአብዛኛው የቀሚሱ ክብደት ነው። ከወገብ በታች ያለው ጨርቅ ደረቱን ቁልቁል ይስበዋል፤ ማጥበቅ ትንፋሽ ከማሳጠር በቀር አይረዳም። መፍትሔው ገበሩ ውስጥ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የማይለጠጥ ሪባን ነው። ከዚፑ በፊት በመንጠቆ ይቆለፋል፤ ክብደቱን ወገብ ይሸከመዋል፣ ደረቱ ባለበት ይቆማል። እስክስታ የምትወርድ ሙሽራ ያለዚህ ሪባን ምሽቱን ሙሉ ቬሎዋን ወደ ላይ ስትጎትት ታመሻለች። ደረቱን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎችም (አጥንት እንላቸዋለን) ከስፌቱ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ማጠር አለባቸው። ከረዘሙ ሙሽራዋ የሽማግሌ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል ሆዷን ይወጓታል። በሁለተኛው ፕሮቫ ተቀመጡ፣ ጎንበስ በሉ፣ ትከሻችሁን አንቀጥቅጡ የምንላችሁ ለዚህ ነው፤ እባካችሁ አትፈሩ።

የጥር ሠርግ የራሱ ፈተና አለው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ስለሚዘልቅ የሚጾሙ ሙሽሮች ወገባቸው ይቀንሳል፣ ከገና በኋላ ደግሞ መልሰው ይሞላሉ። በጾሙ መጨረሻ በወገባቸው ልክ ብናጠብበው የሠርጉ ዕለት ዚፑ አይዘጋም። የመጨረሻውን ፕሮቫ ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የምናደርገውና በጎንና በጎን 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ውስጥ የምንተወው ይህን አስበን ነው። የጊዜ ሰሌዳው እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ ልኬት መስከረም መጨረሻ፣ አቡጀዲ ጥቅምት፣ ቁርጥ ኅዳር፣ ሁለተኛ ፕሮቫ ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ የመጨረሻው ከገና በኋላ። ጠርዙ የሚታጠፈው ቀሚሱ ተሰቅሎ ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ተሰቅሎ ይረዝማል፣ ሳያድር ከታጠፈ ዙሪያው አይስተካከልም።

ስለ ጫማ አንድ ነገር አደራ እንላለን። የጠርዙን ልክ የምንወስደው በምታደርጉት ጫማ ነው፤ ፊት ለፊቱ ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ተክሊል የምታደርጉ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ትፈታላችሁ። 10 ሴንቲ ሜትር ታኮ ከሆነ ያን ጊዜ ቀሚሱ 8 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ይተኛል፣ ትረግጡታላችሁ። ታኮው ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ እንመክራለን፤ ካልሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ በውስጥ በኩል የሚያነሣ ቁልፍና ማንጠልጠያ እንሠራለን። ካባ የሚደረብ ከሆነም እጅጌው እንዳይነፋ እናደርጋለን፤ ከባድ ካባ የተነፋ እጅጌን ይጨፈልቀዋል።

ከውጭ አገር የምታዙ ደንበኞቻችን በልብስ ላይ የተለካ ልኬት አትላኩልን። አቡጀዲውን በመንገደኛ እንልካለን፤ ለብሳችሁ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በቪዲዮ ታሳዩናላችሁ። ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ይጨምራል፣ ቀኑን ስታስቡ ቁጠሩት።

ለልኬት ስትመጡ የሠርጉን ጫማና ከቬሎው ሥር የምታደርጉትን ጡት መያዣ ይዛችሁ ኑ። ተክሊል መኖሩንና ካባውን ከየት እንደምታገኙም አስቀድማችሁ ብታውቁት ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፌት ቤቱ ባልደረቦች