ለወንድምዓለም፦ ስለዚያች አንድ ዜሮ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ለአምስት ዓመት ዝምታ «ከረምክ» እንደማያንስ አውቃለሁ። ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሁንም መኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። ፀጉሬ ብቻ ሄዷል።

ሰሞኑን ከእህትህ ጋር ስናወራ «ዳው ጆንስ 800 ነጥብ ወደቀ ሲባል ሰምቶ፣ የሱ ገንዘብ አለቀ እንዴ እያለ ሲጨነቅ ነበር» አለችኝ። አፈርኩ። እኔ ጠፍቼብህ አንተ ለኔ ገንዘብ ትጨነቃለህ። ዳው ጆንስ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ እንዴት እንደዋለ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስለ ነጥቡም ስለ መጥፋቴም ልንገርህ። ወሬው አንድ ነው።

ለቤትህ ጣሪያ ከጡረታ ቁጠባዬ ተበድሬ እልክልሃለሁ ያልኩህ ትዝ ይልሃል? ያ ቁጠባ የተቀመጠው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለውን ኢንዴክስ በሚከተል ፈንድ ውስጥ ነበር። ኢንዴክስ ማለት የብዙ ኩባንያዎች አክሲዮን እንዴት እንደዋለ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ ፈንድ ደግሞ የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛበት ነው። ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ኢንዴክሱ 3,386 ደርሶ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ። ማርች 23፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት። ትኬት የምንቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ «ኤስ ፒ» ብዬ ስጀምር ቀሪውን ራሱ ሞላልኝ። ቁጥሩ 220 ምናምን ይላል፤ አጠገቡ ቀይ ቀስት። ከሦስት ሺህ ወደ ሁለት መቶ! እጄ ተንቀጠቀጠ። ሂሳቤን ከፍቼ ለማየት እንኳ ፈራሁ። ቁጠባዬን ለሚይዘው ድርጅት ደወልኩና «ሁሉንም ሽጡልኝ» አልኩ። ሴትዮዋ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለቴም አዎ አልኳት።

ያየሁት ለካ ኢንዴክሱን አይደለም። ኢንዴክሱን ተከትሎ የሚሄድ፣ እንደ አክሲዮን የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ ነው። ዋጋው የኢንዴክሱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ኮዱ ሲነበብ «ስፓይ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ሰላይ ማለት ነው፣ እኔን ግን ጉድ ነው የሠራኝ። ኢንዴክሱ ራሱ ያን ቀን የዘጋው 2,237 ላይ ነበር። ክፉ ውድቀት ነው፤ ከላይኛው ጫፍ ሲታይ አንድ ሦስተኛው ሄዷል። ግን አንድ ዜሮ ሙሉ አልጠፋም። በማግስቱ ከ9 በመቶ በላይ ተመለሰ። ኦገስት ላይ የድሮውን ከፍታ አለፈ። እኔ ግን የመጨረሻው እታች በነበረበት ቀን ወጥቻለሁ። ጣሪያህም አብሮ ሄደ። ስትደውል ምን እንደምልህ ጠፋኝ። አንድ ቀን አላነሳሁም፤ ቀጥሎ ለምን እንዳላነሳሁ ማስረዳቱ ከበደኝ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሆነ።

አሁን ወደ 800ው። ነጥብ ሲነግሩህ «ከስንት ላይ?» በል። ኦክቶበር 19, 1987 ዳው 508 ነጥብ ወደቀ። ማርች 16, 2020 ደግሞ 2,997 ነጥብ። የባሰው የቱ ነው? የ508ቱ! ያኔ 22.6 በመቶ ነው በአንድ ቀን የሄደው፤ የ2020ው 12.9 በመቶ ነው። ዛሬ ዳው ከ40,000 በላይ ስለሆነ 800 ነጥብ ማለት 2 በመቶም አይሞላም። «2 በመቶ እንኳ አልሞላም» ብለው ቢያነቡት ግን ዜናውን ማን ይሰማዋል?

ዳው ራሱ ጉደኛ ነው። በ1896 ሲጀመር 12 ኩባንያ ነበር፤ አሁን 30 ነው። የእያንዳንዳቸውን የአንድ አክሲዮን ዋጋ ይደምሩና ለአንድ ማካፈያ ያካፍሉታል። መርካቶ ወጥተህ የአንድ ኩንታል ጤፍና የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ደምረህ «ኑሮው ይሄን ያህል ተወደደ» እንደማለት ነው። ሽንኩርት እጥፍ ቢሆን ድምሩ ንቅንቅ አይልም፤ ጤፍ ትንሽ ከፍ ሲል ግን ያው ድምሩ ይዘላል። የኩባንያው ትልቅነት ሳይሆን የአንዷ አክሲዮን ዋጋ ነው ሚዛን የሚደፋው። ኤስ ኤንድ ፒ ግን በኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ፣ ማለትም በአክሲዮኖቹ ሁሉ ዋጋ ድምር ይመዝናል፤ እኔም የማየው እሱን ነው። ናስዳቅ የሚሉት ኢንዴክስ ደግሞ በ1971 ከ100 ተነስቶ የመጣ ነው፤ ቴክኖሎጂ ይበዛበታል።

ስልክህ ላይ ስትፈልግ እንደኔ እንዳትሆን ስሙን እስከ መጨረሻው ጻፍ። ያሁ ፋይናንስ ላይ ከሆነ ከኢንዴክስ ኮድ ፊት ቆብ የመሰለች ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷ ከሌለች ምናልባት ፈንድ ነው። ከዚያ በመቶውን እይ። በመቶው የሚሰላው ገበያው ባለፈው ከዘጋበት ቁጥር ነው። ሰዓቱንም እይ። የኒውዮርክ ገበያ እዚህ በጋ ሲሆን በእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይዘጋል፤ እዚህ ብርድ ሲሆን አንድ ሰዓት ይገፋል። ጠዋት ቡናህን እየጠጣህ የምታየው ቁጥር የትናንቱ ነው፤ አትደንግጥ።

እህትህ የባንክ አክሲዮን ገዝተሃል ማለቷንም ሰማሁ፤ እሰይ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በእናንተ አቆጣጠር ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የአንድ ባንክ አክሲዮን ስንት ገባ ሲሉህ ግን እሱ ኢንዴክስ አይደለም፤ የአንዱ ባንክ ወሬ ብቻ ነው።

ቁጠባዬን ቀስ በቀስ መልሻለሁ። ስለ እሱ ቅዳሜ እነግርሃለሁ፤ በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት እደውላለሁ። ቅዳሜ ገበያ የለም፤ ቀይ ቀስትም የለም። አንተ ግን አንድ ነገር አዘጋጅተህ ጠብቀኝ፦ ጣሪያው መጨረሻ ላይ በምን ተከደነ?

ያው የድሮው ጓደኛህ